አጋምን በቆየ ደን ዳር ስለ ማልማት

ጥያቄ
ከ፦ ጫካ ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የቤተሰባችን መሬት ጫፍ፣ ወይራና ጥድ የበዛበት አነስተኛ የቆየ ደን አለ። ትልልቆቹ ዛፎች ዛሬም በግርማቸው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ከብት የረገጠው ጠንካራ አፈርና አጭር ሣር ብቻ ነው ያለው። አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ችግኝ የለም፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ያዩዋቸው የነበሩት ድኩላና ቆቅም የሚሸሸጉበት ቁጥቋጦ በማጣታቸው ርቀዋል። ዛፍ መትከል ብቻውን ይህን እንደማይመልስ ስለተረዳን፣ በዛፎቹ ሥርና በደኑ ጠርዝ ላይ የነበረውን የቁጥቋጦ ሽፋን መልሰን ለማልማት ወስነናል።

ከሁሉ አስቀድመን ያሰብነው አጋምን ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አያራግፍም፤ እሾሁ ለወፍ ጎጆ ከለላ ይሆናል፤ አበባው መዓዛማ ነው፤ ፍሬውንም ወፍም፣ ጦጣም፣ እረኛም ይወደዋል። ይሁን እንጂ በአካባቢያችን ያሉት ችግኝ ጣቢያዎች የሚያዘጋጁት ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ስለሆነ የአጋም ችግኝ ማግኘት አልተቻለም፤ ራሳችን ከዘር ልናፈላው ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ ልምዱና ዕውቀቱ ያላችሁ ሰዎች በእነዚህ ነገሮች ላይ ብታስረዱን ደስ ይለናል። ዘሩ መቼና እንዴት ቢዘራ ይሻላል? ችግኙ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ገብቶ ይተከል ወይስ ከጥላው ወጣ ብሎ በጠርዙ ላይ? አጋም ብቻውን ይበቃል ወይስ ሌሎች አገር በቀል ቁጥቋጦዎችን ማሰባጠር ያስፈልጋል? በተጨማሪም አንዳንድ ጎረቤቶቻችን የወፍ ቆሎ ቶሎ ስለሚያድግና ፍሬው ስለሚበዛ ወፍ ለመሳብ እርሱን ትከሉ ይሉናል፤ ስለዚህ ምክር ያላችሁን አስተያየት እንድትገልጹልን እንለምናለን።

ምላሽ
ከ፦ መደብ አልሚ

ለተነሣችሁበት ሐሳብ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኔ የምመልሰው የችግኙን ጉዳይ ነው፤ ስለ አተካከሉ ሌሎች ይጨምሩበታል።

የአጋም ዘር ጎተራ ውስጥ ከርሞ የሚጠብቅ ዘር አይደለም። ትኩሱ ከቆየው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይበቅላልና፣ ፍሬው ከቀይነት አልፎ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ሲለወጥና በጣት ሲነኩት ልስልስ ሲል ልቀሙት፤ በተለቀመ በጥቂት ቀናት ውስጥም ዝሩት። ቀይ ሆኖ ገና የጠነከረውን ፍሬ ለዘር አትውሰዱ፤ ነጭ ወተት የሚወጣው ፍሬ አልበሰለምና ውስጡ ያለው ዘርም ሙሉ አይደለም። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 የሚሆኑ ጠፍጣፋ ዘሮች ይገኛሉ። ፍሬውን በውኃ ውስጥ በእጅ አሽታችሁ ሥጋውን ለዩት፤ ከዚያም ዘሩን ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ስኳር ያለው ሥጋ በዘሩ ላይ ከቀረ ሻጋታና ጉንዳን ይስባል። በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ባዶ ዘር ድፉት፤ የሰጠመውን ደግሞ በጥላ ሥር ለአንድ ቀን ያህል አጠፍፉት እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ለመደቡ የሚሆነው አፈር ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት። በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ የሆነው ድብልቅ ለአጋምም ይስማማል፤ አፈራችሁ መረሬ ከሆነ ግን አሸዋውን ከፍ ማድረግ ይገባል። ከብስባሹ ጋር ከዚያው ከደኑ ወለል፣ ከወይራና ከጥድ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር እንድትቀላቅሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩት የደን ፈንገሶች ከችግኙ ጋር የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነውና፣ ይህን ያገኘ ችግኝ በኋላ ሜዳ ላይ ሲወጣ የሚያሳየው ጥንካሬ ይለያል። ዘሩን ከራሱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል በሚሆን ስስ አፈር ሸፍኑት፤ በላዩ ደረቅ ሣር አልብሱት፤ ውኃውን በጠዋትና ከሰዓት በኋላ በቀዳዳ ማጠጫ በስሱ ስጡት። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣና ከመደቡ በላይ ዝቅ ያለ ዳስ ይሠራለታል።

ሁለት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። አጋም በመጀመሪያው ጊዜ ከላይ ይልቅ ከታች የሚያድግ ተክል ነው፤ ቁመቱ አልጨመረም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሥሩ ግን ከከረጢቱ ወጥቶ መሬት እንዳይዝ በየጊዜው ከረጢቱን እያነሣችሁ ያፈተለከውን ሥር ቁረጡ። ከተከላው በፊት ባሉት ሳምንታት ዳሱን ቀስ በቀስ እያነሣችሁና ውኃውን እየቀነሳችሁ ችግኙን ከፀሐይና ከጥም ጋር አለማምዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘሩን ከአንድ ጥሩ ፍሬ ከያዘ ቁጥቋጦ ብቻ አትልቀሙ። በአቅራቢያችሁ ባሉ ሸለቆዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችና በእርሻ ድንበሮች ላይ ከሚገኙ ብዙ እናት ተክሎች ጥቂት ጥቂት ሰብስባችሁ ቀላቅሉ። ከሩቅ ቆላ የመጣ ዘር የእናንተን የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ላይለምደው ይችላል፤ ከአንድ እናት ብቻ የመጣ ደግሞ በሽታ ሲመጣ አብሮ ይጠፋል።

ምላሽ
ከ፦ ወፍ ዘራሽ

እኔ ግን ጥያቄውን ከሌላ ወገን ልየው። በዛፎቻችሁ ሥር ቁጥቋጦ የጠፋው ዘር ስለጠፋ ሳይሆን ከብት ስለሚገባ ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ያካሄዷቸው ጥናቶች ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ከብት እንዳይገባ በተከለለው ቦታ ዘሩ ይበቅላል፣ ችግኙም ይተርፋል፤ ከብት በሚገባበት ግን የበቀለው ሁሉ ይረገጣል ወይም ይበላል። በዚያ አካባቢ ማኅበረ ምእመናን ከየእርሻው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ በደኖቻቸው ዙሪያ ቅጥር መሥራት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ መደብ ማዘጋጀት ሳይሆን አጥር መሆን አለበት፤ ድንጋይ ካለ በድንጋይ፣ ከሌለም በደረቅ እሾህ። ሳይከለል የተተከለ ችግኝ ድካምን ብቻ ያተርፋል፤ የአጋም እሾህ እንኳ ገና ለጋ ሳለ ፍየልን አይከለክልም።

ከተከለለ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ በትዕግሥት ተመልከቱ። ፍሬ በል ወፎች ጠግበው ሲበሩ ዘሩን በሜዳ ላይ በእኩልነት አይበትኑትም፤ የሚያራግፉት ባረፉበት ቦታ ነው፤ የሚያርፉት ደግሞ በቁጥቋጦ ላይ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቁጥቋጦ ባለበት ሥር የወይራ፣ የጥድ፣ የቀለዋ ቡቃያ ተሰብስቦ የሚገኘው። በትግራይ ደረቅ ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናት የወይራ ችግኝ ባዶ ሜዳ ላይ ከሚሆን ይልቅ በደደሆ ቁጥቋጦ ሥር ሲሆን የተሻለ እንደሚተርፍ አረጋግጧል፤ ቁጥቋጦው ፀሐዩን ያበርድለታል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ ከብትም እንዳይደርስበት ይጋርደዋል። አጋምም በእሾሁ ምክንያት ይህንኑ አገልግሎት የሚሰጥ ተክል ነው። እናንተ የምትተክሉት ስለዚህ ለራሱ ሲባል ብቻ የሚተከል ቁጥቋጦ አይደለም፤ ነገ የሚበቅለው ወይራ ሞግዚት ነው።

አተካከሉንም የሚወስነው ይኸው ነው። በረድፍ አትትከሉት። አምስት ወይም ሰባት ችግኝ በአንድ ላይ፣ በመካከላቸው ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ርቀት ሰጥታችሁ፣ እንደ ደሴት አድርጋችሁ ትከሉ፤ ከዚያም ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ትታችሁ ሌላ ደሴት ትከሉ። ችግኞቹ ሲያድጉ ቅርንጫፋቸው ተጠላልፎ ውስጡ ሰውም ሆነ ከብት የማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ መሸሸጊያ ይፈጠራል፤ ወፍ ጎጆዋን፣ ቆቅ ጫጩቶቿን የምትደብቀው በዚያ ውስጥ ነው። ባዶው ቦታም ብክነት አይደለም፤ ነፍሳት የሚበዙበት ሣርና አበባ የሚያድግበት ነውና።

ስለ ጥላው፣ አጋም በከፊል ጥላ ይኖራል፤ ነገር ግን በጥቅጥቅ ጥላ ውስጥ ቅጠሉ እንጂ አበባውና ፍሬው አይበዛም። በተፈጥሮ የሚገኝበትን ቦታ ብታስተውሉ፣ በደን ጠርዝ፣ ዛፍ ወድቆ ብርሃን በገባበት ክፍተት፣ በገደል አፋፍ ላይ ነው። አብዛኞቹን ደሴቶች በጠርዙ ላይ አድርጓቸው፤ ጥቂቶቹን ብቻ ብርሃን ወደሚያገኙት ክፍተቶች አስገቡ።

ምላሽ
ከ፦ ቅጠል ለቃሚ

የቀደሙት ሁለቱ ወንድሞች ከተናገሩት የምለይበት ነገር የለም፤ ስለ ዝርያዎቹ ግን መነሣት ያለባቸው ጉዳዮች አሉ።

በቅድሚያ ስለ ደኅንነት። ዘር ስትለቅሙ ምረንዝን ከአጋም እንዳታምታቱ በጣም ተጠንቀቁ። ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ወፍራም፣ አንጸባራቂና በጥንድ በጥንድ የተሰለፈ ቅጠል፣ ነጭ ወተት፣ ነጭና ሮዝ ቀለም ያለው መዓዛማ አበባ አላቸው፤ ፍሬአቸውም ሲበስል ይጠቁራል። ምረንዝ ግን በጥንት ዘመን የቀስት መርዝ የሚሠራበት፣ ልብን የሚያቆም ኃይለኛ መርዝ ያለው ተክል ነው። የሚለያቸው እሾህ ነው፦ አጋም ጠንካራ፣ አንዳንዴም ሁለት ሹካ የሆነ እሾህ አለው፤ ምረንዝ ምንም እሾህ የለውም። ልጆች በዘር ለቀማው የሚሳተፉ ከሆነ ይህን ሳያውቁ ወደ ጫካ አይግቡ። ምረንዝን ከደኑ ንቀሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ እርሱም የቦታው ተወላጅ ነው።

ከፍታችሁ 2,300 ሜትር ከሆነ አጋም የሚኖርበት ክልል የላይኛው ጫፍ ላይ ናችሁ ማለት ይቻላል። አጋም ከቆላ ጀምሮ በወይና ደጋው ሁሉ ይገኛል፤ ወደ ደጋው ስትወጡ ግን እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በእናንተ ቦታ ከቀጋ ጋር ማሰባጠሩ ብልህነት ነው። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ብቸኛው አገር በቀል የጽጌረዳ ዝርያ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋ ይመቸዋል፤ ነጭ አበባው ለንብ ብዙ ጽጌ ብናኝ ይሰጣል፤ ብርቱካንማ ቀይ ፍሬውም ሌላው ሁሉ ባለቀበት ደረቅ ወቅት እንኳ በቅርንጫፉ ላይ ስለሚቆይ ለወፍ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። የቀጋ ዘር ግን ጠንካራ ሽፋን ስላለውና ስለሚያንቀላፋ በመደብ ላይ ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ይልቅ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ካለው፣ ባለፈው ዓመት ካደገ ጤናማ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡና ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት፤ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይይዛል።

ሦስተኛው ኮሸም ነው። ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ተክል ላይ ስለሆነ አንድ ብቻ ተክሎ ፍሬ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል፤ በእያንዳንዱ ደሴት ውስጥ ብዙ አድርጋችሁ አሰባጥሩት። ንቦችን በተመለከተም ድግጣን አትርሱ፤ ቢጫ አበባው የተትረፈረፈ ነው፣ ዘሩም በሞቀ ውኃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ያለ ችግር ይበቅላል። በተለያየ ጊዜ የሚያብቡና የሚያፈሩ ቁጥቋጦዎች በአንድ ላይ ሲገኙ ነው በዓመቱ ውስጥ ለእንስሳቱ የረሃብ ወቅት የማይኖረው።

የወፍ ቆሎን በሚመለከት ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ እባካችሁ አትትከሉት። ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ለጌጥነት የመጣ ተክል ነው፤ ወፎች ፍሬውን መብላታቸው እውነት ነው፣ አደጋውም ይህ ነው። ዘሩን ወደ ደናችሁ፣ ወደ ጎረቤት ማሳና ግጦሽ ያዛምቱታል፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ላይ ያደረሰውን ጉዳት አርብቶ አደሩ ያውቀዋል። ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚያድግ በሥሩ ሌላ ችግኝ እንዲያድግ አይፈቅድም፤ ከብት ሲበላውም ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ቆዳውም በፀሐይ ይቃጠላል። ወፍን የሚመግብ ሁሉ ደንን አይመልስም። በመሬታችሁ ላይ አስቀድሞ ካለ፣ ከማፍራቱ በፊት ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱት፤ ቦታውንም ባዶ አትተዉት፣ በአጋምና በድግጣ ተኩት።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከ፦ ጫካ ዳር

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ሁለት ነገሮች ይቀሩናል። ደኑ ከተከለለ ቤተሰቡ ለከብት የሚያገኘው ሣር ይቀርበታል፤ ይህም ቅሬታ እንደሚያስነሣ ከወዲሁ ይታየናል። በሌላ በኩል ወንድማችን ወፍ ዘራሽ እንዳሉት ወፎች ራሳቸው ዘሩን የሚያመጡ ከሆነ፣ መደብ ማዘጋጀቱ ቀርቶ መከለል ብቻ አይበቃም ወይ?

ምላሽ
ከ፦ መደብ አልሚ

ከልሎ መተው የሚበቃው ፍሬ የሚሰጥ እናት ተክል በቅርብ ሲኖር ነው። የአጋምን ዘር የሚያመጣላችሁ ወፍ አጋም የበላ ወፍ መሆን አለበት፤ በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ ማሳና ባሕር ዛፍ ከሆነ፣ ብትከልሉም በመጀመሪያ የሚመጣው ክትክታና እምቧጮ ነው፤ እነርሱም መልካም ናቸው፣ ሥጋ ያለው ፍሬ ግን አይሰጡም። ስለዚህ አጥሩንም መደቡንም በአንድ ዓመት ጀምሩ። የምትተክሏቸው ጥቂት ደሴቶች የመጀመሪያውን ፍሬ ሲሰጡ የቀረውን ሥራ ወፎቹ ይረከባሉ፤ ያን ጊዜ ችግኝ ማፍላታችሁን መቀነስ ትችላላችሁ።

ምላሽ
ከ፦ ወፍ ዘራሽ

በዚህ ከመደብ አልሚ ጋር እስማማለሁ፤ እናት ተክል ከሌለ የእኔ ምክር ብቻውን ጎደሎ ነው። ስለ ሣሩ ደግሞ በብዙ የተከለሉ ተፋሰሶች ላይ የሚሠራበት አሠራር አለ፦ ከብት አይገባም፣ ሣሩ ግን ታጭዶ ይወሰዳል። ያልተረገጠ ሣር ስለሚረዝም ከቀድሞው የበለጠ ድርቆሽ እንደሚገኝ ቤተሰባችሁ በራሱ ዓይን ያያል። አጫጁ ግን ችግኙን ከሣሩ ጋር እንዳይቆርጠው በእያንዳንዱ ደሴት ዙሪያ ረዘም ያሉ እንጨቶች ተክሉ፤ ከደሴቱ ውስጥ ያለው ሣር በእጅ ብቻ ይነቀል።

ይህን የእጅ ሥራ አክብራችሁ እንድትይዙት እለምናለሁ። በደጋው ደን ውስጥ፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ ሰውነቷ ግራጫ ሆኖ ከጭራዋ ሥር የሸክላ ቀለም ያላት አንዲት ወፍ አለች፤ የጥድ ፍሬና ነፍሳት ትመገባለች፣ የምትኖረውም በጥድና በወይራ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ዛፎቹ ቆመው ቁጥቋጦው ሲመነጠር እርሷ ትጠፋለች። እንዲህ ያለችውን ፍጥረት ሊመልስ የሚችለው የተስተካከለ አጥር ሳይሆን ያልተነካ ጥሻ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር፣ አጋሙ ካደገ በኋላ እንደ ግቢ አጥር አትከርክሙት። አበባውን የሚያወጣው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ስለሆነ ጫፉን የቆረጠ ሰው የዚያን ዓመት ፍሬ ቆረጠ ማለት ነው። መንገድ የሚዘጋ ቅርንጫፍ ካለ ፍሬው ከተበላ በኋላና ወፎች ጎጆ በማይሠሩበት ጊዜ ብቻ ይነሣ።

ምላሽ
ከ፦ ቅጠል ለቃሚ

ስለ ተከላው ጊዜ ያነሣ ስላልነበረ ልጨምር። ክረምቱ በደንብ ከገባና አፈሩ እስከ ጉድጓዱ ታች ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ትከሉ፤ ዘግይቶ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣበታል። ጉድጓዱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኑረው፤ ከላይ የወጣው ለም አፈር ወደ ታች ይመለስ፤ ፕላስቲኩም ሙሉ በሙሉ ይወልቅ። መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን ሥሩለት፤ የቁልቁለቱን ውኃ ወደ ሥሩ ይይዝለታል። መስከረም ሲጠባ ዙሪያውን አርማችሁ፣ ያረማችሁትን ሣር መልሳችሁ በሥሩ ላይ ጉዝጓዝ አድርጉት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ጥቂት አርቁት፤ ካልሆነ ምስጥ ይደርስበታል። የሞቱትን ችግኞች ቁጥር በጥር ወር ቁጠሩና የሚተኩትን ለቀጣዩ ክረምት ከወዲሁ በመደብ ላይ አዘጋጁ።